ጤፍና ዱባ በአንድ መጥበሻ፤ ስንዴ ለማይስማማቸው ልጆቻችን

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍልና ከኩሽና ቡድን የቀረበ ንግግር



ከሒሳብ ክፍል ስንነሣ የለመዳችሁት የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። እሱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ዛሬ አናነብላችሁም። የምንነግራችሁ ስለ አንድ ምግብ ነው፤ ከጤፍና ከዱባ ስለሚጋገር ፓንኬክ። የሒሳብ ሰው መጥበሻ ላይ ምን ጥዶት ነው ትሉ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ድምፅ የምትሰጡበት ጉዳይ አለ፤ ጉዳዩ ገንዘባችንንም የልጆቻችንን ጤናም ይነካል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ዱቄቱን ከነመንገዱ ማወቅ አለባችሁ ብለን ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአባሎቻችን በአንዷ ቤት ነው። የ7 ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ደም ያንሳታል፤ ከእኩዮቿ ጋር ስትቆም ቁመቷ አይደርስም። የሆድ ትል ነው እየተባለ መድኃኒት ስትውጥ ከቆየች በኋላ ሐኪሞች ደሟን መርመረው፣ ከትንሹ አንጀቷም ናሙና ወስደው ሕመሙ ሲሊያክ የሚባል መሆኑን ነገሯት። እናትየዋ ይህንን ይዛ ወደ እኛ ስትመጣ የጠየቀችው ገንዘብ አልነበረም። «ሌሎቹ ልጆች ቁርስ ሲበሉ የእኔ ልጅ ምን ትብላ?» ነው ያለችው።

ሲሊያክ ምንድን ነው? በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ሲለወስ እንደ ላስቲክ የሚሳበው በዚህ በግሉተን ምክንያት ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበትና የገዛ አንጀቱን ይጎዳል። በትንሹ አንጀት ውስጥ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጸጉር ቆመው የምግቡን ጥቅም የሚመጥጡት ጥቃቅን ነገሮች ይጠፋሉ። ልጁ በልቶ እንዳልበላ ይሆናል ማለት ነው። ሕክምናው ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ነው። ሲተውት አንጀቱ ያገግማል፤ ልጁም ያድጋል።

ስንዴ የዚህ ሕመም መነሻ መሆኑን በማስረጃ ያሳየው ቪለም ዲከ የተባለ ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ይጠረጥር ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ 1944 መጨረሻና 1945 መጀመሪያ፣ ሆላንድ ውስጥ ረኃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ እነዚህ ሕፃናት ግን ሻል አላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ጥናቱን በ1950 ለዶክትሬት አቀረበው። ለሌላው ሕፃን ሕይወት የሆነው ዳቦ ለእነዚህ ልጆች ሕመም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ልጃችሁ ሆዱን ስላመመው ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ስንዴ አትከልክሉት። ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሲመረመር ነው። አስቀድሞ ከተወው ውጤቱ ሕመሙን ሊደብቀው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ፣ ከዚያ ወደ መጥበሻ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩት፣ ሳምቡሳ ስንዴ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ገብሱ ግን ይረሳል። በሶ ገብስ ነው። የገብስ ቆሎም፣ የገብስ ገንፎም እንደዚያው። የገብስ ብቅል ያለበት ጠላና ቢራም ለታማሚው አይሆኑም። አጃ ሲባልም ጠንቀቅ ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ አጃ የሚባለው የስንዴ ዘር ነው፣ በሌላው ደግሞ ፈረንጆቹ ኦትስ የሚሉት። የመጀመሪያው ግሉተን አለው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ስለዚህ በኩሽናችን ለልጅቷ ሁለቱንም ትተናል።

የሚቀረው ግን ትንሽ አይደለም። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቡላና ቆጮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሥጋው፣ ወተቱ፣ አትክልቱ ሁሉ በተፈጥሯቸው ግሉተን የለባቸውም። ፈረንጅ አገር በውድ ዋጋ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ጤፍ እኛ ቤት በጆንያ የሚቀመጥ እህል ነው። ብረትና ካልሲየምም አለው። ዱባውም የዋዛ አይደለም። ቢጫ የሚያደርገው ነገር በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል፤ ትንሽ ዘይት ሲገባበት ደግሞ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። እናቶቻችን የዱባ ወጥ ዘይት ጣል ሳያደርጉ የማይሠሩት ለጣዕሙ ቢሆንም ለጤናም በጅቷል።

እንግዲህ አሠራሩ። ይህ መጠን ከ10 እስከ 12 ትንንሽ ፓንኬክ ይወጣዋል፤ ለአራት ልጆች ቁርስ ይበቃል።

200 ግራም የነጭ ጤፍ ዱቄት፤ 250 ግራም የበሰለና የተፈጨ ዱባ፤ 2 እንቁላል፤ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር፤ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፤ ጨው ቁንጥር። ኮረሪማ የምትወዱ ቁንጥር ጨምሩ፤ ከዱባ ጋር ይስማማል።

አንደኛ፤ ዱባውን ከነልጣጩ በትልልቁ ቆርጣችሁ በእንፋሎት አብስሉት። ውኃ ውስጥ ከተቀቀለ ውኃውን ይዞ ይቀርና ሊጡ ይቀጥናል። ሲበስል ከልጣጩ ፋቁት፣ በሹካ ወይም በማንኪያ አድቅቁት። ውኃ የበዛበት ከሆነ ወንፊት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይንጠፍጠፍ።

ሁለተኛ፤ እንቁላሉን መትታችሁ ከዱባው፣ ከወተቱ፣ ከዘይቱና ከማሩ ጋር ቀላቅሉ። በሌላ ሳህን ዱቄቱን፣ ጨውን፣ ቀረፋውን አዋሕዱና ዱባው ላይ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ ይደርቃል ይባላል፤ ጤፍ ግን ግሉተን ስለሌለው ብታማስሉት አይከፋም።

ሦስተኛ፤ ክደኑትና 20 ደቂቃ ይረፍ። የጤፍ ዱቄት ውኃ ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ካላረፈ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይላል። ቤኪንግ ፓውደሩን የምትጨምሩት ካረፈ በኋላ፣ ልትጋግሩ ስትሉ ነው። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ማለት አለበት።

አራተኛ፤ መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት አግሉ፣ ዘይት ቀባ አድርጉ፣ በሾርባ ማንኪያ እየቀዳችሁ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል አድርጋችሁ አፍስሱ። ትልቅ አታድርጉት። ስንዴን የሚይዘው ግሉተን እዚህ ስለሌለ ትልቁ ሲገለበጥ ይሰበራል። ላዩ እንደ እንጀራ ዓይን ሲያወጣና ዳሩ ደረቅ ሲል ገልብጡ። እሳቱ ከበረታ ውጭው ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ለጾም ደግሞ እንቁላልና ወተት የለም። የኩሽና ቡድናችን እናቶች ለዚህ መላ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ አብሲት አሉ። ከ200 ግራሙ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከወተቱ ፋንታ ሊጡ ውስጥ ይግባ። በሁለቱ እንቁላል ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ዘፍዝፋችሁ እስኪያዝለገልግ ጠብቃችሁ ጨምሩ። አብሲቱና ተልባው ተጋግዘው ይይዙታል። ለጾመኛም፣ እንቁላል ለማይወድም፣ በረመዳን ለሱሁር ቀለል ያለ ነገር ለምትፈልግ እህታችንም ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከመጥበሻው በፊት ያለው ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እንደሚባለው፣ ጤፉና ስንዴው አበቃቀላቸው ለየቅል ነው፤ ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ግን አንድ ላይ ይሆናሉ። ከእኛ በፊት ስንዴ ያስፈጨው ሰው ዱቄት በድንጋዩና በመውረጃው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የእኛ ጤፍ እሱን ጠርጎ ይዞ ይወጣል።

አንድ ትልቅ እናታችን በባለፈው ስብሰባ «ልጆቼ፣ የወፍጮ ቤት አቧራ ይህን ያህል ምን ያደርጋል? እኛ ሁላችን በሱ አይደል ያደግነው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው የሁላችን ስለሆነ በቁጥር እንመልስ፤ ቁጥር ሥራችን ነውና። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነጻ» እንዲባል በ1 ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖር ያዛል። 1 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ግሉተን አለ። 10 ኪሎ ጤፍ ካስፈጨን የሚፈቀድልን በጠቅላላው 200 ሚሊ ግራም ነው። ያ ማለት ሁለት ግራም ተኩል የስንዴ ዱቄት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። በ10 ኪሎ ጤፍ ውስጥ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስንዴ ከገባ ደረጃው ታልፏል ማለት ነው። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ግድግዳውንና የሠራተኛውን ቅንድብ ያያችሁ ሁሉ ያ ማንኪያ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

ለእኛ ለጤነኞቹ ያ አቧራ ምንም አይደለም፤ እማማ እውነታቸውን ነው። ለዚያች ልጅ ግን በየቀኑ የሚጠራቀም ጉዳት ነው።

ወፍጮው ብቻም አይደለም። ስንዴ የተነፋበት ወንፊት የቱንም ያህል ቢራገፍ ቀዳዳው ውስጥ ዱቄት ይቀራል። ከጎረቤት የተዋስነው እርሾ ገብስ ወይም ስንዴ ከተቀላቀለበት ሊጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። የምጣድ ማሰሻው፣ የእንጨት ማማሰያው፣ ዳቦ የተቆረሰበት ሌማት ሁሉ መንገድ ናቸው። ከሱቅ የሚገዛ ቤኪንግ ፓውደርም አንዳንዱ የስንዴ ስታርች ይገባበታልና ጽሑፉ ይነበብ። ከገበያ የሚገዛ እንጀራም ጤፍ ብቻ ነው ተብሎ አይታመን፤ ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት አለ።

ስለዚህ ለልጅቷ የሚሆነውን እንዲህ እናደርጋለን። ጤፉን ዱቄቱን ሳይሆን እህሉን እንገዛለን። በጠባብ ወንፊት እንነፋዋለን፤ ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ያልፋል፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ላይ ይቀራል። እናጥበዋለን፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ እናሰጣዋለን። ከዚያ ለዚህ ብቻ በተገዛች ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ጥቂት ጥቂት እያደረግን እንፈጨዋለን። መፍጫዋ፣ ወንፊቷ፣ መጥበሻዋና ማማሰያዋ ቀይ ክር ታስሮባቸው በተለየ ሣጥን ተቀምጠዋል፤ ስንዴ በተቦካበት ቀን ሣጥኑ አይከፈትም። አድካሚ ነው፤ ለአንድ ልጅ ግን ይቻላል። ልጅቷ አሁን ማኅበሩ ግቢ ስትመጣ ሌሎቹ ልጆችም የሚበሉት ያንኑ ፓንኬክ ነው። ለብቻዋ ሳህን አይቀርብላትም።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ፓንኬኩን የቀመሰ አንድ የሱቅ ባለቤት በሳምንት ሦስት ቀን እንድናቀርብለት ጠይቆናል። አንድ ነገር ግን ይፈልጋል፤ ማሸጊያው ላይ «ከግሉተን ነጻ» ተብሎ እንዲጻፍ። ጽሑፉ ካለ ዋጋው ከፍ ይላል። ከደጋፊዎቻችንም አንዳንዶቹ ይህ ማኅበሩን በራሱ እግር የሚያቆም ሥራ ነው ብለው አበረታተውናል። ኩሽና ውስጥ የሚሠሩት እህቶቻችን ገቢው ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው ደግሞ የቁጠባ ደብተራቸውን የምንይዘው እኛው እናውቃለን። የቤት ኪራይ የሚጠብቃት አለች፤ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያለባት አለች።

ሒሳቡን ሠራን። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን አባሪው ላይ በየጊዜው እናድሰዋለን፤ መርሑ ግን ይኸው ነው። ዱባ የሚገዛው ከነልጣጩና ከነፍሬው ነው፤ 250 ግራም የበሰለ ዱባ ለማግኘት ከ400 እስከ 450 ግራም መግዛት አለብን። ፍሬው አይጣልም፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ለብቻው ይሸጣል፣ ከወጪው ይቀነሳል። መብራት፣ ዘይት፣ ማሸጊያና የተሰበረው ፓንኬክ ወጪ ናቸው። የእህቶቻችን ሰዓትም ወጪ ነው። «የራሳችን ጉልበት ነው» ተብሎ ዜሮ የሚጻፍበት ሒሳብ ሴቶችን ሲያከስር የኖረ ሒሳብ ነው፤ እኛ አንጽፈውም። ይህ ሁሉ ተደምሮ በተለመደው ዋጋ ብንሸጥም ትንሽ ትርፍ አለው። በጽሑፉ ዋጋ ብንሸጥ ትርፉ ብዙ ይሆናል።

ነገር ግን ለሱቅ የሚሆነውን ብዛት በትንሿ መፍጫ ልንፈጨው አንችልም። የግድ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ወፍጮ ቤት የሄደውን ጤፍ «ከግሉተን ነጻ» ብለን ብንጽፍበት ጽሑፉን አምና የምትገዛው ማን ናት? ልጇ እንደዚያች ልጅ የታመመባት እናት ናት። ጤነኛው ሰው ጽሑፉን አይፈልገውም። የምንጎዳው ያመነንን ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉና የኩሽና ቡድኑ ተስማምተን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ለሱቁ ማቅረቡ ይጀመር፤ ጽሑፉ ግን «የጤፍና የዱባ ፓንኬክ» ብቻ ይሁን። ከሥሩም ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የሱቁ ባለቤት በዚህ ካልተስማማ ሌላ ገዢ እንፈልጋለን።

ሁለተኛ፤ ከትርፉ አንድ አምስተኛው ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት የራሳችን ወፍጮ እስኪገዛና ምርቱ በላቦራቶሪ እስኪመረመር ገንዘቡ ለሌላ ነገር አይወጣ። ምርመራው ከ20 ሚሊ ግራም በታች መሆኑን ሲያሳየን ያን ጊዜ እንጽፈዋለን።

ሦስተኛ፤ በሐኪም ተመርምሮ ሲሊያክ የተባለ ልጅ ያላት እናት፣ አባል ብትሆንም ባትሆንም፣ በቀይ ክር ከታሰረው ሣጥን የተሠራ ዱቄት በወጪ ዋጋ ታግኝ። ትርፍ አይጨመርበት።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። በሪፖርታችሁ ላይ ትልቅ የሽያጭ ቁጥር ማየት እንደምትፈልጉ እናውቃለን፤ እኛም እንፈልጋለን። በዚህ ዓመት ግን የምናሳያችሁ ቁጥር አነስ ይላል። ከቁጥሩ ጎን የወፍጮ ሒሳቡ በየወሩ ስንት እንደደረሰ ይጻፍላችኋል፤ እሱን ተከታተሉልን።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ ሦስቱ ሐሳቦች በየተራ ይነበባሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ እጃችሁን ታወጣላችሁ። ተቃውሞ ያላት ከድምፁ በፊት ትናገር፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል። ከጉባኤው በኋላ በኩሽናው በኩል የጾሙም የፍስኩም ፓንኬክ ከቡናው ጋር ቀርቧል። በቀይ ክር ከታሰረው ሳህን ግን፣ እባካችሁ፣ ዳቦ በነካ እጅ አትንኩ።